ለትምህርት ቤቶች ገንዘብ አንድ ልዩ ጉባኤ፦ የየካና የእንጦጦ ግርጌ ጥያቄ ለከተማዋ ምክር ቤት

የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት ዓመታዊውን በጀት የሚያጸድቀው አብዛኛውን ጊዜ በሰኔ ማብቂያ ወይም በሐምሌ መባቻ ነው። ትምህርት ቤቶች የሚዘጉበት፣ መምህራን ለእረፍት የሚበተኑበት፣ ወላጆችም ስለ መጪው ዓመት ደብተርና ጫማ ገና ማሰብ ያልጀመሩበት ወቅት መሆኑ ነው። መንገዱ፣ ውኃው፣ ቤቱ፣ ጸጥታውና ትምህርቱ በአንድ አዋጅ ተጠቃለው ይቀርባሉ፤ የምክር ቤቱ አባላትም ስለ ሁሉም ጥቂት ጥቂት ጠይቀው እጃቸውን ያነሣሉ። በእንዲህ ዓይነቱ ጉባኤ ላይ ለትምህርት ቢሮ ስንት ቢሊዮን ብር እንደ ተመደበ ይሰማል። በቀበና ወንዝ ማዶ ወይም በእንጦጦ ግርጌ ያለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከዚያ ቢሊዮን ውስጥ ስንት እንደሚደርሰው፣ በምን ስሌት እንደሚደርሰውም ግን ለውይይት አይቀርብም።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው። ምክር ቤቱ ከበጀቱ ጉባኤ ቀደም ብሎ ስለ ትምህርት ቤቶች ገንዘብ ብቻ የሚመክር ልዩ ጉባኤ ሊጠራ ይገባል፤ ከጉባኤውም በየትምህርት ቤቱ ገንዘብ የሚከፋፈልበት፣ በሕግ የታወጀና ማንም ወላጅ ሊያነበው የሚችል ቀመር መውጣት አለበት። ሥልጣኑ አለው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከተማዋ ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361፣ በጀት የማጽደቅና አዋጅ የማውጣት ሥልጣን ለምክር ቤቱ ሰጥቷል፤ አስቸኳይ ጉባኤ መጥራትም ለ138 መቀመጫው ምክር ቤት እንግዳ ነገር አይደለም። እስካሁን የጎደለው ትምህርትን ብቻውን በአጀንዳነት የማስቀመጥ ልማድ ነው።

የካ ክፍለ ከተማ ለዚህ ክርክር የተመረጠው በአንድ ወሰን ውስጥ ሁለት ከተማ ስለ ያዘ ነው። ታችኛው የካ ከመገናኛና ከሾላ ገበያ አንሥቶ በአስፋልት ዳር የተዘረጋው፣ የንግድ ቤትና የኤምባሲ ግቢ የበዛበት ክፍል ነው። ላይኛው የካ ደግሞ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ወደ እንጦጦ የባሕር ዛፍ ደን እየቀጠነ የሚወጣው ተዳፋት ነው። የተራራው ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ተዳፋት ለብዙ ዘመን ከታወቁት መተዳደሪያዎች አንዱ ሴቶች ከደኑ ለቅመው በጀርባቸው ወደ ከተማ የሚያወርዱት ማገዶ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ሲመረቅ ተራራው ለከተማዋ ጎብኚ አዲስ ገጽታ ይዞ ቀረበ፤ ከግርጌው ላሉት ልጆች ግን ተራራው ዛሬም በየጠዋቱ የሚወርዱትና በየማታው የሚወጡት መንገድ ነው።

የታችኛውና የላይኛው የካ ትምህርት ቤቶች በሕግ ፊት እኩል ናቸው። በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ከክፍያ ነፃ ካደረገ ወዲህ የመንግሥት ትምህርት ቤት በር ላይ የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም። ነገር ግን ነፃ የሆነው መግቢያው ነው። የመምህሩ ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ የሚቀረው፣ ማለትም ለጠመኔ፣ ለቤተ ሙከራ ኬሚካል፣ ለመጸዳጃ ቤት ጥገና፣ ለተሰበረ መቀመጫና ለቤተ መጻሕፍት የሚውለው ገንዘብ፣ ሁልጊዜ ከሚያስፈልገው ያንሳል። ክፍተቱን እንዲሞላ የሚጠበቀው ኅብረተሰቡ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም. ያወጣው፣ በሽፋኑ ቀለም «ሰማያዊው መጽሐፍ» እየተባለ የሚጠራው የትምህርት አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና የፋይናንስ መመሪያ ይህንኑ የወላጆች ተሳትፎ ሥርዓት አስያዘው። «ትምህርት ለትውልድ» የተባለው የቅርቡ አገር አቀፍ ንቅናቄም በገንዘብ፣ በጉልበትና በቁሳቁስ ትምህርት ቤቶችን እንዲያድስ ለሕዝቡ ጥሪ አቅርቧል።

ንቅናቄው በጎ ነው፤ ብዙ ክፍሎችም ታድሰውበታል። ችግሩ ከሒሳቡ ላይ ነው። ለስሌት ያህል እያንዳንዳቸው 1,000 ተማሪ ያላቸውን ሁለት ትምህርት ቤቶች እናስብ። በአንደኛው እያንዳንዱ ወላጅ በዓመት 500 ብር ያዋጣል፤ በሌላው 100 ብር ይጠየቃል፤ የሚችለው ግማሹ ብቻ ነው። የመጀመሪያው 500,000 ብር ሲሰበስብ ሁለተኛው 50,000 ብር ያገኛል። ማንም አላዳላም፣ ማንም አልሰረቀም፤ ልዩነቱ ግን ዐሥር እጥፍ ሆነ። ከዚህ ላይ የተዳፋቱን ጣጣ ብንጨምር፣ ማለትም ደጋፊ ግንብ ሳይሠራለት የማይቆም ክፍልን፣ ጎርፍ የሚጠርገውን ግቢ፣ ዕቃ ለማድረስ የሚጨምረውን የጉልበት ዋጋ፣ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ትምህርት ቤት ከፍተኛ ወጪ ያለበት ሆኖ እናገኘዋለን።

በዓይን የማይታይ ሌላ ልዩነት አለ፤ ከመዋጮው ይልቅ ይህኛው ሳይከፋ አይቀርም። የመምህራን ደመወዝ በደረጃ ዕድገት የሚወሰን ነው፤ ጀማሪ መምህርና መሪ መምህር እኩል አይከፈላቸውም። ልምድ ያለው መምህር ዝውውር ሲጠይቅ ለትራንስፖርት የሚቀርበውን፣ ታክሲ የማይጠፋበትን ትምህርት ቤት ቢመርጥ ማንም አይፈርድበትም። ውጤቱ ግን ከፍተኛ ደመወዝ የሚከፈላቸው መምህራን ወደ አስፋልቱ ዳር መሰብሰባቸው፣ ጀማሪዎቹም ወደ ተራራው መውጣታቸው ነው። በበጀት ቋንቋ ሲነገር፣ ከተማዋ ለታችኛው ልጅ በነፍስ ወከፍ የበለጠ ገንዘብ ታወጣለች፤ ይህንን ግን የወሰነ ጉባኤ የለም። ሳይወሰን የሚሆን አድልዎ ደግሞ በውሳኔ ካልሆነ በቀር አይታረምም።

ነገሩ በታሪካችን አዲስ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በመሬት ላይ የትምህርት ግብር አወጀ፤ ገንዘቡም በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል፣ የየአካባቢው የትምህርት ቦርዶችም በአስተዳደሩ እንዲሳተፉ ተደረገ። ሐሳቡ ለጊዜው ብልህነት ነበረው፤ ገበሬው የከፈለው ብር ትምህርት ቤት ሆኖ በዓይኑ እንዲታየው ያደርጋል። ይሁን እንጂ ግብሩ በተሰበሰበበት ይቅር ማለት ሀብታሙ ግዛት ብዙ ትምህርት ቤት፣ ድሃው ግዛት ጥቂት ትምህርት ቤት ይኑረው ማለት ነበር። መሬት ለሕዝብ ከሆነ በኋላ ግብሩ ቢቀርም አስተሳሰቡ አልቀረም፤ ዛሬ በወላጅ መዋጮ መልክ በየወረዳው ይኖራል።

ከዚያው ዘመን ሌላ ትምህርትም ይገኛል። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ክለሳ ጥናት ስለ ገንዘብ ክፍፍል ብዙ ከባድ ሐሳቦችን የያዘ ሰነድ ነበር፤ የገጠሩን ልጅ የመድረስ ፍላጎቱም እውነተኛ ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን መምህራንና ወላጆች ሳይመክሩበት ተዘጋጅቶ ይዘቱ ተቆራርጦ ወደ ሕዝብ ጆሮ ደረሰ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ክለሳው ከተቃውሟቸው ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ ነበር፤ መንግሥት ክለሳውን ቢያነሣም ማዕበሉ አልቆመም። የትምህርት ገንዘብ በዝግ ቤት ሲከፋፈል፣ ክፍፍሉ ትክክል ቢሆን እንኳ የሚያምነው አይገኝም።

ከአገር ውጭ ያለ አንድ ምሳሌ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በአሜሪካ የካንሳስ ግዛት ሕገ መንግሥት የሕግ አውጪው ምክር ቤት ለትምህርት ተገቢ የሆነ ገንዘብ እንዲያዘጋጅ ያዝዛል። በዚያ የትምህርት ወረዳዎች ከንብረት ግብር ተጨማሪ ገንዘብ የመሰብሰብ መብት ስላላቸው፣ ቤቱና ሕንፃው ውድ የሆነበት ወረዳ በቀላሉ ብዙ ያገኛል፤ ግዛቱ ለድሆቹ ወረዳዎች ማካካሻ ይሰጣል። ማካካሻው ሲቀነስ ወረዳዎች ከሰሱ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ክፍፍሉ ፍትሐዊ አይደለም ብሎ እስከ ሰኔ ወር ማብቂያ ድረስ ካልተስተካከለ ትምህርት ቤቶቹ ሊዘጉ እንደሚችሉ አስጠነቀቀ። አገረ ገዥው ሳም ብራውንባክ ልዩ ጉባኤ ጠሩ፤ ምክር ቤቱም በሁለት ቀን ውስጥ ለድሆቹ ወረዳዎች 38 ሚሊዮን ዶላር ጨመረ። በዋሽንግተን ግዛትም የነበረው ሙግት ከዚህ ይብሳል፤ ፍርድ ቤቱ ምክር ቤቱን በቀን 100,000 ዶላር እስከ መቅጣት ደርሶ ነበር።

ከካንሳስ የሚቀዳው የክሱ መንገድ አይደለም። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንጂ መደበኛ ፍርድ ቤት ባለመሆኑ፣ የእንጦጦ ወላጆች ከተማዋን ከሰው በጀት ያስጨምራሉ ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። የሚቀዳው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ መሰብሰብ የሚያመጣው ኃይል ነው። በካንሳስ በመደበኛው ጉባኤ ለወራት መፍትሔ ያላገኘው ነገር ሌላ አጀንዳ በሌለበት ጉባኤ በሁለት ቀን አለቀ፤ የሚደበቅበት ሌላ ርእስ አልነበረምና። ፍርድ ቤት በማያስገድድበት አገር ይህ ኃይል ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም።

የእኛም ሕገ መንግሥት ቢሆን ዝም አላለም። በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እያደገ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ ተጥሎበታል። «እያደገ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ግን በየትኛው ጉባኤ ተመክሮበት ያውቃል? የከተማዋ ጠቅላላ በጀት በ2016 ዓ.ም. ከ140 ቢሊዮን ብር በላይ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ከ230 ቢሊዮን በላይ፣ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 350 ቢሊዮን ደረሰ። በብር ሲታይ ዕድገቱ ያስደንቃል። ነገር ግን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ መሆኑን፣ የወረቀትና የሕትመት ዋጋም ይህንኑ ተከትሎ መውጣቱን ለማያስታውስ ሰው ብቻ ነው ቁጥሩ ብቻውን የሚበቃው። አንድ ትምህርት ቤት አምና በተሰጠው ብር ይገዛው የነበረውን ደብተር፣ ቀለምና ቆርቆሮ ዘንድሮ ሊገዛ ካልቻለ ሀብቱ አላደገም፤ ቀንሷል። ይህን የሚመረምር ጉባኤ በሐምሌ መባቻ በአንድ ቀን ሊካሄድ አይችልም።

በዓመቱ መካከል የበጀት መዝገብ መክፈትም አይቻልም የሚል ካለ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በኅዳር 2017 ዓ.ም. ያደረገውን ያስታውስ። ለ971 ቢሊዮን ብሩ የፌዴራል በጀት 582 ቢሊዮን ገደማ ተጨማሪ አጸደቀ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የደመወዝ ማሻሻያ ነበር። ፈቃዱ ሲኖር መዝገቡ ይከፈታል።

ስለ ቀመሩ አጻጻፍ ጥቂት ማለት ይገባል። በፌዴራል ደረጃ ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበት ቀመር በፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወሰናል፤ ክልሎች ይከራከሩበታል፣ ይቆጡበታል፣ ቀመሩ ግን ተጽፎ ይታያል። ወጪዋን በአብዛኛው ከራሷ ገቢ የምትሸፍነው አዲስ አበባ በዚህ ክርክር ውስጥ ስለማትገባ የቀመርን ባህል ከውጭ አልተማረችም። በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ግድግዳ ላይ በፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት አሠራር መሠረት የሚለጠፈው የበጀት ሠንጠረዥ ጥሩ ጅምር ነው፤ ነገር ግን ለትምህርት በጠቅላላው ስንት እንደ ተመደበ ነግሮ ይቆማል። የወላጁ ጥያቄ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ቀመሩ በሕዝብ ቁጥር ሊመሠረት አይችልም። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ የካ ከ340 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበረው። ከዚያ በኋላ በ2013 ዓ.ም. ከየካና ከቦሌ ተቆርጦ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ተመሠረተ፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም ከአራት ኪሎ በእንግሊዝ ኤምባሲ በኩል እስከ መገናኛ ያለው መስመር በኮሪደር ልማት ተነክቶ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ይሄዳል፤ በጀቱ ግን ባለፈው ዓመት መዝገብ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ተቀባዩ ትምህርት ቤት መቀመጫ ሳይኖረው ተማሪ ሲቀበል፣ ለቃቂው ባዶ ወንበር ይዞ ይቀመጣል። በመስከረምና በየካቲት ሁለት ጊዜ የሚታረም የምዝገባ ቁጥር ይህን ክፍተት ሊያጠብበው ይችላል።

ከቁጥሩ ላይ ክብደት መጨመር ያስፈልጋል። ድሃ ማን እንደሆነ እንዴት ይታወቃል የሚለው የተለመደ መከራከሪያ በአዲስ አበባ አያስኬድም፤ የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛ ኑሮ ያላቸውን ቤተሰቦች በየወረዳው ለይቶ መዝግቧል። ከዚያ መዝገብ ውስጥ ያለ ቤተሰብ ልጅ በቀመሩ እንደ አንድ ተኩል ቢቆጠር፣ አካል ጉዳተኛ ተማሪም ከዚያ በላይ ቢቆጠር፣ ገንዘቡ ራሱ ተዳፋቱን እየወጣ ይሄዳል። ልኩ አንድ ተኩል ይሁን ወይስ ሌላ የሚለው የሚከራከሩበት ነገር ነው፤ ለዚህም ነው ጉባኤ የሚያስፈልገው።

በዚህ ላይ የሚነሣው ትልቁ ተቃውሞ የተማሪዎች ምገባ ነው። ከተማዋ ልጆቹን ትመግባለች፣ የደንብ ልብስና ደብተር ትሰጣለች፤ ከዚህ በላይ ምን እኩልነት አለ? ይባላል። ተቃውሞው ክብደት አለው። በእውነቱ በቅርብ ዘመን በከተማዋ የትምህርት ታሪክ ከምገባው የበለጠ ድሃውን የደገፈ እርምጃ መጥቀስ ያዳግታል፤ ነገር ግን የምገባው ታሪክ በደንብ ሲታይ ለልዩ ጉባኤው ይመሰክራል። መጀመሪያ «የእናት ወግ» በተባለ በጎ አድራጎት ማኅበር በጥቂት ትምህርት ቤቶች የተጀመረ የልግስና ሥራ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ከተማዋ በራሷ በጀት ተረከበችው፤ ከዚያም የራሱ ኤጀንሲ ተቋቋመለት። ልግስና የነበረው ነገር የበጀት መስመርና ተጠያቂ መሥሪያ ቤት ስላገኘ በከንቲባ መለወጥ አልተቋረጠም። ከመቀመጫና ከቤተ ሙከራ ጋር በተያያዘ የወላጅ መዋጮ ዛሬ ያለው ምገባው ያኔ በነበረበት የልግስና ደረጃ ላይ ነው።

ሌላው ተቃውሞ የሚያፌዝ ነው፦ ልዩ ጉባኤ ቢጠራም ያው ንግግር ተደርጎ በሙሉ ድምፅ ተጨብጭቦ ይበተናል። ይህን የሚል ሰው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ሆኖም የጉባኤው ዋጋ በድምፁ ላይ ሳይሆን ከድምፁ በፊት በጠረጴዛ ላይ በሚቀርበው ወረቀት ላይ ነው። አፈ ጉባኤው የትምህርት ቢሮውን ለያንዳንዱ የመንግሥት ትምህርት ቤት አራት ቁጥሮች እንዲያቀርብ ቢያዙ፣ ማለትም የተማሪውን ብዛት፣ የደመወዙን ወጪ፣ ከደመወዝ ውጭ የተሰጠውን ብርና ከወላጅ የተሰበሰበውን መዋጮ፣ ከዚያ በኋላ ማጨብጨቡ እንደ ቀድሞው አይቀልም። የየካ ተመራጭ የቀበናን ቁጥር ከመገናኛው ቁጥር ጎን አይቶ ዝም ቢል፣ ዝምታው በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል።

አስፈላጊነቱ ለየካ ብቻ አይደለም። በ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፈተናው ስርቆትን መከላከሉ ተመስግኗል፤ ተገቢም ነው። ይሁንና ፈተና ልጁ ምን እንዳወቀ ይለካል እንጂ ትምህርት ቤቱ ምን እንደ ተሰጠው አይለካም። የልጁ ውጤት በየዓመቱ በአደባባይ ሲነገር የትምህርት ቤቱ በጀት በመዝገብ ቤት መቅረቱ ሚዛኑን ያዛባል።

ጊዜውን በተመለከተ መጋቢት ይመረጣል። የሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ምዝገባ ታርሞ ያለቀበት፣ የመሥሪያ ቤቶች የበጀት ጥያቄ ገና ያልተዘጋበት ወር ነው። ጉባኤው ሁለት ቀን ቢቀመጥ፣ የመጀመሪያው ቀን ለርእሳነ መምህራን፣ ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቶች፣ እንዲሁም በዚያው በየካ ለሚገኘው የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቢሰጥ፣ ሁለተኛው ለአባላቱ ክርክር ይተርፋል። የጸደቀው ቀመር በሚያዝያ ከየትምህርት ቤቱ አራት ቁጥሮች ጋር በትምህርት ቤቱ የውጭ በር ላይ ይለጠፋል፤ ወላጆችም ስሌቱን ፈትሸው ቅሬታቸውን እስከ ግንቦት አጋማሽ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያስገባሉ። ምክር ቤቱ በሰኔ ማብቂያ ለበጀት ሲሰበሰብ የትምህርቱ ክፍል ከነቅሬታው ተያይዞ ይቀርብለታል።